ጋሼ ቀንስ የራሳቸውን ስንብት ሲገዙ

በዕቃ ቤቱም፣ በየሱቁም፣ በሰፈራቸውም «ጋሼ ቀንስ» ነበር የሚባሉት። በቤት ዕቃ ፋብሪካው የግዢ ሠራተኛ ሆነው በኖሩባቸው ሃያ ሁለት ዓመታት፣ ሻጭ ዋጋ ጠርቶ አፉን ሳይገጥም «ቀንስ» ያላሉበት ቀን የለም። የብሎን ዋጋ ያስቀንሳሉ፤ የኮላ ዋጋ ያስቀንሳሉ። አንድ ጊዜ የታመመ የቫርኒሽ ነጋዴ ሊጠይቁ ሄደው፣ ሰውየውን አልጋው ላይ እንደተኛ በበርሜል ስምንት በመቶ አስቀንሰውት ተመልሰዋል። ነጋዴው በሳምንቱ ሲድን «ያስነሣኝ መድኃኒቱ አይደለም፣ ንዴቱ ነው» እያለ አወራ።

ክርክራቸው ሥርዓት ነበረው። ዋጋ የተጻፈበትን ወረቀት በአንድ ጣት ወደ ሻጩ ይገፉታል፤ መነጽራቸውን ያወልቃሉ፤ ከዚያ መርዶ እንደሰማ ሰው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ለራሳቸው ጫማ ሲገዙ ግን የተጠራውን ከፍለው ይወጣሉ። «ለራስ ሲሉ መከራከር ያሳፍራል» ይላሉ። ሚስታቸው በዚህ ነገር ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲቃጠሉ ኖረዋል።

ሥራ ሲቀዘቅዝ ፋብሪካው ሰባት ሠራተኞችን በስምምነት ለማሰናበት ወሰነ። ጋሼ ቀንስ አንዱ ነበሩ። ለንግግር የተጠሩ ዕለት ጠዋት ሚስታቸው በሩ ላይ ያዟቸው። የሚስትየው ቀኝ ጉልበት ካበጠ ዓመት አልፎታል። የቀዶ ጥገናው ቀጠሮ ከአምስት ወር በኋላ ነው፤ ወጪውን የሚሸፍነው ደግሞ ፋብሪካው ለሠራተኛና ለቤተሰብ የገባው የሕክምና ዋስትና ነው። ዋስትናው ከሥራው ጋር ከተቋረጠ ቀዶ ጥገናው ቀረ ማለት ነው።

«ገንዘቡን የሰጡህን ተቀበል፤ እኔ ምንም አልልም» አሉ ሚስትየው። «ጉልበቴን ሳትይዝ ግን እንዳትመጣ።»

የአስተዳደር ኃላፊዋ ቢሮ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ኃላፊዋ አርባ ዓመት ያልሞላት፣ ሰው ማሰናበት የከበዳት ሴት ናት። ጠረጴዛዋ ላይ አንድ ፓኮ ሶፍት አስቀምጣለች፤ ለማን እንደሆነ ግን ገና አልለየም።

«ጋሼ፣ እንዴት ብዬ እንደምነግርዎት…»

«ዋጋውን ንገሪኝ» አሉ ጋሼ ቀንስ።

ወረቀቱን ዘረጋችላቸው። የስምንት ወር ደመወዝና የስድስት ወር የሕክምና ዋስትና። ጉልበቱ እዚያው ወረቀቱ ላይ፣ ከነአንድ ወር ትርፉ፣ ተቀምጦ ነበር። «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ መፈረም ብቻ ነው የቀረው።

ጋሼ ቀንስ ግን ቁጥር አዩ። ጣታቸው ከሐሳባቸው ቀድሞ ወረቀቱን ገፋው። መነጽራቸው ወለቀ። ራሳቸው ተነቀነቀ።

«በዛ» አሉ።

«ምን አሉ ጋሼ?»

«በዛ ነው የምልሽ። ስምንት ወር የሚባል ነገር አለ እንዴ? ስድስት አድርጊው። ይሄ ዋስትና የምትይውንም ሦስት ወር ይበቃዋል።»

ኃላፊዋ ሳቀች። ብቻዋን እየሳቀች መሆኑን ስታይ አቆመች።

«ጋሼ፣ ለፋብሪካው አስበው ነው?»

«ታዲያ ለማን ብዬ ነው!» አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት ለሻጭ ሁሉ ሲሉት የኖሩት ነገር ነው።

ሶፍቱ ለማን እንደሆነ ያን ጊዜ ታወቀ። ኃላፊዋ ዓይኗን ጠራርጋ ቁጥሮቹን በእስክሪብቶ አስተካከለችና፣ ነገ ተጽፎ ሥራ አስኪያጁም ፈርመውበት እንደሚጠብቃቸው ነገረቻቸው።

ጋሼ ቀንስ ደረጃውን የወረዱት እያፏጩ ነው። ጥሩ ግዢ በገዙ ቁጥር ያፏጫሉ። ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ እንደ ልማዳቸው ያስቀነሱትን አሰሉ። አንደኛ ፎቅ ላይ ሻጩ ማን እንደነበረ ትዝ አላቸው። ፉጨቱ ቆመ፤ እጃቸው የደረጃውን ብረት ጨበጠ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ተመልሰው ቢወጡስ ምን ሊሉ ነው? «ይቅርታ፣ ሻጩ እኔ ነበርኩ» ሊሉ ነው?

ሚስታቸው በሙቅ ውሃ የተነከረ ፎጣ ጉልበታቸው ላይ አድርገው ይጠብቋቸው ነበር።

«ጉልበቴስ?»

«ሦስት ወር።»

«ቀጠሮዬ በአምስተኛው ወር ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ስንት ብለው ነበር የጀመሩልህ?»

ጋሼ ቀንስ በዋጋ ነገር ዋሽተው አያውቁም። «ስድስት» አሉ።

ሚስትየው ፎጣውን አንስተው፣ ጨምቀው፣ መልሰው አስቀመጡት። «አንተ ስትገባ ስድስት የነበረው ስትወጣ ሦስት ሆነ?»

«አዎ።»

«እንኳን ቶሎ ወጣህ። ትንሽ ብትቆይ እኛ ከፋዮች እንሆን ነበር!» አሉና ጣራ ጣራውን አዩ። «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ሲባል ሴት ትመስለኝ ነበር። ነገ አብሬህ እሄዳለሁ።»

«ሦስት ፎቅ ነው እኮ፤ ሊፍት የለውም።»

«ፎቁን ለእኔ ተወው። አንተ አፍህን ያዝ።»

በማግስቱ ሃምሳ አራቱን ደረጃ ለመውጣት አርባ ደቂቃ ፈጀባቸው። ሚስትየው በየዕረፍቱ ግድግዳ ተደግፈው ይቆማሉ፤ ደግፌ ልርዳዎት የሚላቸውን ሁሉ በዓይናቸው ይመልሳሉ። ቢሮው ሲደርሱ ያለችውን አንዲት የእንግዳ ወንበር ያዙ። ኃላፊዋ ብድግ ብላ ተቀበለቻቸው።

«እትዬ፣ ምን ዓይነት ባል ነው ያለዎት! ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው ሲሰሙ ተነክተዋል።»

«የኔ ልጅ» አሉ ሚስትየው ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ይሄ ሰው ትናንት እዚህ የመጣው ሥራ ላይ ሆኖ ነው። የገዛውም ለእናንተ ነው። ለራሱ የመጣው ገና ዛሬ ነው።» ከዚያም የሐኪሙን የቀጠሮ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

ኃላፊዋ አነበበችው። ፊቷ ተለዋወጠ። «ሥራ አስኪያጁ ግን ፈርመውበታል፤ ከተፈረመ በኋላ…»

«ይሁን። እንግዲያው እዚሁ ነኝ።»

«እንዴት?»

«መውጣት እችላለሁ። መውረድ ነው የማልችለው። ጉልበቴ ሲስተካከል እወርዳለሁ።»

ኃላፊዋ ቀልድ መስሏት ክንዳቸውን ይዛ እስከ ደረጃው ወሰደቻቸው። ሚስትየው ቀኝ እግራቸውን ወደ ታች ሰደዱት፤ ወዲያው ፊታቸው አመድ መሰለ፣ ግንባራቸው ላይ ላብ ችፍ አለ። ቀልድ አልነበረም። ወደ ወንበሩ መለሰቻቸው።

በዚህ መሐል ሌሎቹ ተሰናባቾች ሊፈርሙ መምጣት ጀመሩ። መጀመሪያ የገባው ቫርኒሽ ቀቢው ነው። እስክሪብቶውን እንዳነሣ ሚስትየው ከወንበራቸው ሆነው ጠየቁት።

«ወንድሜ፣ ዋስትናው ስንት ወር ነው ያሉህ?»

«የምን ዋስትና?»

«አልነገሩህም? በል ጠይቅ እንጂ፤ ስትቀባ የኖርክበትን ሳንባ ማን ሊያክምልህ ነው?»

ቀቢው እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ከእሱ ቀጥሎ የገባው ባለመጋዙም ጆሮውን እያሻሸ ሳይፈርም ወጣ። ሦስተኛው ጭራሽ አልገባም፤ ኮሪደሩ ላይ ከሁለቱ ጋር ቆሞ ያወራ ጀመር። ኃላፊዋ ወንበሩን፣ በሩን፣ ኮሪደሩን አየችና ተነሥታ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ሄደች። ግድግዳው ቀጭን ነው፤ «እንዴት ነው መውረድ የማይችሉት!» የሚል ድምፅ ተሰማ። ስትመለስ የትናንቱን የመጀመሪያ ወረቀት ይዛ ነበር።

«የስምንት ወር ደመወዝ። ዋስትናው ስድስት ወር» አለች። «እንደ ነበረው።»

ጋሼ ቀንስ በረጅሙ ተነፈሱ። ሚስታቸው ግን «ሰባት» አሉ። «ሐኪም ቀጠሮ ሲያራዝም አይተሽ አታውቂም?»

«ኧረ በዛ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። የጋሼ ቀንስ ነበር።

ሚስታቸው ዞር ሳይሉ በሩን በጣታቸው አሳዩአቸው። «ኮሪደር ላይ ጠብቀኝ።»

ጋሼ ቀንስ ከራሳቸው ድርድር ተባርረው ከተሰናባቾቹ ጋር ቆሙ። ቫርኒሽ ቀቢው ሲጋራ ጋበዛቸው፤ ሳንባው ትዝ አለውና መልሶ ኪሱ ከተተው። ከውስጥ የሚስትየው ድምፅ ዝቅ ብሎ ይሰማል፤ አይጮኹም፣ አይለምኑም፣ ብቻ አያቆሙም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ በሩ ተከፈተና ኃላፊዋ ብቅ አለች።

«ጋሼ፣ ይግቡና ይፈርሙ። ሰባት ነው። እኔም አንድ ሰው ያስፈልገኛል፣ ወንበር የሚሸከም።»

መነጽራቸውን አድርገው፣ ጣታቸው ወረቀቱን እንዳይገፋ ግራ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ተጭነው ፈረሙ። ከዚያ ሚስትየው ከነወንበራቸው በሸክም ተነሡ፤ ቀቢው ከፊት፣ ጋሼ ቀንስና ኃላፊዋ ከኋላ። ባለመጋዙ ከፊት ከፊት እየሄደ «ቀስ! ግራ! ግራ አልኩ!» ይላል እንጂ አይነካም።

ሁለተኛ ፎቅ ላይ ሲደርሱ ለማረፍ ወንበሩን አስቀመጡት። ተሸካሚዎቹ ሲያለከልኩ ሚስትየው ወረቀቱን አውጥተው ከላይ እስከ ታች አነበቡት።

«የኔ ልጅ፣ ዋስትናው የሚቆጠረው ከዛሬ ነው ይላል። የእሱ ሥራ እኮ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው።»

ኃላፊዋ የወረደችውን ደረጃ ቀና ብላ አየችው። ጫማዋን አውልቃ በአንድ እጇ፣ ወረቀቱን በሌላው ይዛ መውጣት ጀመረች። ጋሼ ቀንስ ሚስታቸውን አዩ፤ ቀቢውን አዩ፤ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ!» ብለው ወደ ላይ ተጣሩ፤ ጆሯቸው እስኪቀላ ድረስ አፍረው ነበር። «ማኅተሙ ደብዝዟል፤ እሱንም ደህና አድርገሽ ምቺልኝ!»