የኮምቢው አዲስ ቁልፍ

የአባቴ አሮጌ ኮምቢ የሞተር ማስነሻዋ የቁልፍ ቀዳዳ ከማለቁ የተነሳ በማንኪያ እጀታም ትነሳ ነበር። አባቴ ግን መሀል ጉርድ ሾላ ላይ ድርግም ብላ ጠፍታ የሹፌር ሁሉ ስድብ እስኪወርድብን ድረስ "ምን ሆነች!" እያለ አላስነካም አለ። ቤተሰቡ በሙሉ "የአባትሽ ዓይን ደክሟል፣ ቁልፉን ተቀበይውና አንቺ ንጂ" ይለኛል። እሱ ደግሞ "ቁልፌን የምሰጠው ስሞት ነው" ይላል።

መካኒኩ የድሮውን ዓይነት ስላጣ ከአዲስ ሞዴል የወጣ ማስነሻ ገጠመልን። "አባባ፣ ይሄኛው ቁልፉ ሲነቀል መሪውን ይቆልፋል። መኪናው ሳይቆም እንዳይነቅሉት" አለው።

"እሺ፣ እሺ" አለ አባቴ። የእሱን እሺ ስለማውቀው ልቤ አላረፈም።

አባቴ ቁልቁለት ባገኘ ቁጥር ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ያጠፋል። ያረጀው ቁልፍ በንዝረት እየወለቀ ስለሚወድቅበት ደግሞ ነቅሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይከተዋል። ዕድሜውን ሙሉ እንዲህ ነው የወረደው።

በማግስቱ "ዳገት ሳትወጣ ተሠርታለች አልልም" ስላለ እሱ እየነዳ እንጦጦ ማርያም ድረስ ወጣን። ስንመለስ ከመጀመሪያው ጠመዝማዛ በፊት ሞተሩ ጸጥ አለ። ቀኝ እጁ ቁልፉ ላይ ነው። ከፊታችን የባሕር ዛፍ ቅጠል የተሸከሙ ሴቶች የመንገዱን ዳር ይዘው ይወርዳሉ።

"አባዬ፣ እንዳትነቅለው!" ብዬ እጁን ከነቁልፉ ጨምድጄ ያዝኩት።

"ልቀቂኝ!"

እጁን ከነቁልፉ ጨምድጄ ያዝኩት። እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጫናለሁ፣ ኮምቢዋ እየፈጠነች ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። በመጨረሻ ፍሬኑን ረገጠው፤ ሴቶቹ ጋ ሳንደርስ ቆምን።

"አበድሽ እንዴ?" ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያ እልህ ይዞት ቁልፉን ነቀለና መሪውን አዞረ። ቀጭ አለ። ወደ ግራ ሞከረ፣ ወደ ቀኝ ሞከረ፤ ንቅንቅ የለም። መታጠፊያውን አየ። ሴቶቹን አየ። እጆቹን ቀስ ብሎ ከመሪው ላይ አነሳ።

ከመኪናው ወረደ፤ ዞሮ በእኔ በኩል በሩን ከፈተና ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠው።

"አንቺ ንጂ" አለኝ።

ቦታ ተቀያይረን ሞተሩን አስነስቼ ቀስ ብዬ መውረድ ጀመርኩ። አባቴ በአንድ እጁ የበሩን እጀታ ጨብጦ በሌላው ባዶውን የሸሚዝ ኪሱን ዳበሰ።

"ሞተሩን እንዳታጥፊው" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ነዳጁን ትጠጣው።"