ከጎማ የሚጠነክር ቆዳ

ትናንት ደሴ ፒያሳ ፀጉሬን ስስተካከል፣ ፀጉር ቆራጩ ልጅ አንገቴን ቫዝሊን ሲቀባኝ ሽታው ያደግኩባት ኮምቦልቻ ወሰደኝ። አሁን አንገቴን ያየ ሁሉ ይቀናል። ልጅ ሆኜ ግን ችፌ ገላዬን ወርሶት ነበር፤ ሌሊት እስኪደማ ሳክ እንቅልፍ የለም።

አባዬ ጎሚስታ ነው፤ የመኪና ጎማ ይጠግናል። ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ያጥበኝና ገላዬ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይለቀልቀኛል። ያረጀ የጥጥ ሸሚዙን አልብሶኝ አጠገቤ ይተኛል።

"አባዬ፣ በላኝ" ስለው ጣቶቼን ክንዱ ላይ ያሳርፋቸዋል።

"እኔን እከክ። የኔ ቆዳ ከጎማ ይጠነክራል።"

አመንኩት። ወላሂ፣ በኮምቦልቻ እንደኔ ያከከ የለም! አክኬ አክኬ ድብን ብዬ እተኛለሁ።

አንድ ቀን ሥራ ቦታው ሄድኩ። እጅጌውን ሰብስቦ የጎማውን ከመነዳሪ ውሃ ውስጥ ነክሮ ቀዳዳ ይፈልጋል። ክንዱ እስከ ክርኑ ተቧጭሯል፤ ውሃው ሲነካው ጥርሱን ነከሰ።

"ምነው፣ ድመት ነው?" አለው ጎማ የሚያስጠግነው ሹፌር።

"አንበሳ ነው፤ ቤት የማሳድገው" አለ አባዬ፣ እኔን እያየ።

ጣቶቼን ከኋላዬ ደበቅኳቸው።

ፀጉር ቆራጩ አንገቴን እየጠረገ፣ "እንዲህ ያለ ቆዳ ከየት አመጣህ?" አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን ስንት ጉራ በነዛሁ።

"የአባቴ ነው" አልኩት።