በወንጭፍ የዘራሁት መጭ

ባሌ ጣሊያንን ለመውጋት ዱር ቤቴ ብሎ ሲወጣ ጥሎልኝ የሄደው ጥማድ በሬ፣ ሦስት የንብ ቀፎና አንድ ቃል ነበር። «ንቦቹን አደራ» አለኝ። «እስክመለስ እንዳይጠፉብኝ።» ልጅ አልነበረንም፤ ዘመዶቼም ሩቅ አገር፣ ይፋግ ናቸው። ስለዚህ የማወራው ከበሬዎቹና ከንቦቹ ጋር ነበር። በሬዎቹ ደግሞ የሰው ነገር አይገባቸውም።

በዚያው በጋ የጣሊያን ወታደሮች ከመንደራችን ከጋፋት በላይ ያለውን ተረተር አቃጠሉት። ሽፍታ ይሸሸግበታል አሉ። ሦስት ቀን ነደደ። መስከረም ሲጠባ ቢጫዋ መጭና አደዩ የሚያብቡት፣ ንቦቼም የሚቀስሙት እዚያ ነበር። ንብ የሚቀስመው ካጣ ቀፎውን ጥሎ ይኮበልላል። አደራ በላ ልባል ነው ብዬ ምግብ አልበላ አለኝ።

ዘር አላጣሁም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽርና ከማሳው ወሰን የደረቀውን መጭና አደይ አራግፌ አንድ ቅል ሞላሁ። ችግሩ ተረተሩን የረገጠ ሁሉ ይተኮስበታል። ስለዚህ ዘሩን በጭቃ አድበልብዬ፣ ተረተሩ ሥር ካለው ማሳዬ ሆኜ በወንጭፍ ልወረውረው ቆረጥኩ። ሰኔ ላይ ገብስ ከተዘራ ሁሉም ማማው ላይ ወጥቶ ጅግራና ዝንጀሮ ያባርራል፤ እኔስ ወንጭፍ ባዞር ማን ጉዳዬ ይላል?

ጭቃ ማቡካት ብርቄ አይደለም። ከናቴ የተማርኩት አንድ ሙያ ቢኖር እህል የሚከተትበት ጎታ መሥራት ነው። ጭቃውን በጭድ አቦካሁ፣ አሳደርኩ፣ እንደገና ረገጥኩ፤ ነቀዝ እንዳይነካው አመድ ጨመርኩበት። ዘሩን መሐሉ እየከተትኩ አድበለበልኩና ፀሐይ ላይ አሰጣሁ። ሲደርቁ ድንጋይ ላይ ብጥላቸው እንኳ አይሰነጠቁም። እንዴት ኮራሁ! ጠርቼ የማሳየው ሰው ግን አልነበረኝም።

ሳምንት ሙሉ ወነጨፍኩ። ከማዶ ኬላ የሚጠብቅ ወታደር አንድ ቀን እጁን አወዛወዘልኝ። እኔም ሳላስበው እጄን አነሳሁ። ወዲያው አፈርኩ፤ ባሌን የሚያሳድድ ጠላት ነው እኮ! ግን ከሰው ሰላምታ ከተለዋወጥኩ ስንት ጊዜ እንደሆነኝ የታወቀኝ ያን ዕለት ነው።

መስከረም ጠባ፤ ተረተሩ ጥቁር እንደሆነ ቀረ። በጥቅምት ንቦቹ አንዱ ቀፎ ሌላውን እየተከተለ ዐይኔ እያየ ተነሥተው ሄዱ። ደጃፌ ተቀምጬ አለቀስኩ። ንብ የሚያነቡ ሽማግሌ ጎረቤቴ ሰምተው መጡ፤ የተረፈችኝን አንዲት ድቡልቡል አሳየኋቸው። በድንጋይ ቀጥቅጠው ሰበሯትና ሳቁ።

«ልጄ፣ ይህ እኮ ጎታ ነው። ጎታ የሚሠራው እህሉ እንዳይበቅል አይደል?»

«ታዲያ ምን ላድርግ አባ? እርስዎ ይንገሩኝ።»

«ጭዱንም አመዱንም ተይው። አፈርና ፍግ ብቻ፣ ላላ አድርገሽ። የመጀመሪያው ዝናብ ያፍርሰው።»

በቀጣዩ ዓመት እንዳሉኝ አደረግኩ። መስከረም ላይ ተረተሩ ቢጫ ሆነ፤ ከማሳው ዳር ቆሜ ብቻዬን እልል አልኩ። ቀፎዎቹን በወይራ አጥኜ ነበርና ከየት እንደመጣ የማላውቀው መንጋ መጥቶ አንዱ ውስጥ ገባ። እየዋለ እያደረ ሌሎቹም ሞሉ።

ጣሊያን ሲወጣ ባሌ መጣ። ከስቷል፣ ጠቁሯል፤ በስሜ ሲጠራኝ እንኳ ድምፁ ሌላ ሆነብኝ። ውኃ ሳይጠጣ በቀጥታ ወደ ቀፎዎቹ ሄዶ ጆሮውን አስጠጋ።

«አሉ!» አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ። «ስንት ነገር ጠፋ፤ እነዚህ ብቻ እንደተውኳቸው ቆዩኝ።»

ያንተዎቹ ሄደዋል፣ እነዚህ ሌሎች ናቸው ልለው አፌን ከፈትኩ። ፊቱን ሳየው ግን ተውኩት። እራት ሳቀርብለት ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ፣ ዐይኑን ከበሩ ሳይነቅል በላ። ዱር ምን እንዳገኘህ ንገረኝ ብዬ ብጠይቀው «ተይው» አለኝ። እሱ ሲመጣ ብቸኝነቴ ያልቃል ብዬ ነበር ያን ሁሉ ዓመት የቻልኩት። እሱ የዱሩን ሳይነግረኝ፣ እኔ የንቦቹን ሳልነግረው፣ እስኪሞት ድረስ አንድ ቤት ኖርን።