ሰብር የሚለምኑት አጎታችን

ሰው ከሶላት በኋላ ሲሳይና ጤና ሲለምን፣ አብቲ እያልን የምንጠራቸው የእናታችን ታላቅ ወንድም ግን አንድ ነገር ብቻ ይለምኑ ነበር፤ «ያ አላህ፣ ሰብር ጨምርልኝ።» ጅጅጋ ውስጥ የእሳቸውን ያህል ታጋሽ ሰው ስላላየን ልመናቸው ይገርመን ነበር።

አንድ ቀን ከአብቲ ጋር ከቶጎጫሌ ስንመለስ ወንድሜ መንገድ የምታቋርጥ ግመል ገጨ። ግመሏ ወዲያው ሞተች። እረኞቹ መኪናችንን ከበቡት፤ አንደኛው ወጣት ጠመንጃ ይዟል።

«ሹፌሩ ይውረድ» አለ።

አብቲ ቀድመው ወረዱ። «ጥፋቱ የእኛ ነው፤ ሽማግሌዎቻችሁ ይምጡና እንነጋገር» አሉት።

ወጣቱ በጥፊ መታቸው። ኮፊያቸው አቧራው ላይ ወደቀ። ወንድሜ የጎማ መፍቻውን ይዞ ዘለለ።

አብቲ ዞር ሳይሉ፣ «ልጄ፣ እሱን አስቀምጥና መኪናው ውስጥ ግባ» አሉት። ከዚያ ግመሏ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። መሬት ላይ በተቀመጠ ሽማግሌ ላይ እጁን ለማንሣት የደፈረ አልነበረም። ሽማግሌዎቹ እስኪመጡ ፀሐይ ላይ ቆየን። መጥተው ነገሩን በካሣ ጨረሱት፤ ወጣቱም የአብቲን ትከሻ ስሞ ይቅርታ ጠየቃቸው።

ጉዞ ስንጀምር አብቲ የኮፊያቸውን አቧራ አራገፉ።

«እንዴት ቻሉት፣ አብቲ?» አልኳቸው።

«መች ቻልኩት? የተቀመጥኩት እግሬ ወደ እሱ እንዳይወስደኝ ነው። ሰብር ቢኖረኝ ኖሮ ጠዋት ማታ እለምን ነበር?»

ወንድሜ ዛሬም በዚያ መንገድ ይነዳል። አብቲ ከጎኑ ይቀመጡበት የነበረው ወንበር ባዶ ነው፤ እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው።