ተሸናፊ የሌለው ጨዋታ

ሳሎን ውስጥ ወንድሜና ጓደኛው ይጨቃጨቃሉ። ጌሙ አንድ ጀግና ትልቅ ከተማ ላይ እየበረረ ወንበዴ የሚያሳድድበት ነው።

«ይደብራል! ሚሽኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው» ይላል ወንድሜ።

«ባክህ፣ መብረሩ ብቻ አይበቃህም?»

ጆይስቲኩ ቀጭ ቀጭ ሲል እኔ በሐሳብ ተመልሼ ጌጃ ሰፈር፣ ጋሽ ከድር ፕሌይስቴሽን ቤት ነኝ፤ የአሥር ዓመት ልጅ። ቆርቆሮው በፀሐይ ግሎ ክፍሉ ላብ ላብ፣ የጋለ ሽቦ ሽቦ ይሸታል። የቤቱ ሕግ የተሸነፈ ይነሳል ነው። ለኳሱ ጌም ይሠራል። የጀግናው ጌም ግን መሸነፍ የሚባል ነገር የለበትም፤ ታዲያ ማን ያስነሳኛል? ወንበዴውን ትቼ ፎቅ ጫፍ ላይ እወጣለሁ፤ ቆሜ ቁልቁል አያለሁ።

«ጋሽ ከድር፣ ይቺ ልጅ ጌም አትችልም! ተነሺ በሏት!» ይጮኻሉ ልጆቹ።

ጋሽ ከድር ቴሌቪዥኑን ሳይሆን እኔን አዩ።

«ተዉአት፣ ትልመደው» አሉ።

ጨዋታውን መስሎኝ ነበር።

ለካ እናቴ ሰፈራችን ሊፈርስ እንደሆነ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ እንደደረሰን፣ እሷ ራሷ ከፍታ እንደምትፈራም ነግራቸው ኖሯል። የገባን ቀን ግድግዳውን ሙጭጭ ብላ ይዛ በረንዳ አልወጣም አለች። እጇን ያዝኩ።

«ነይ እማዬ፣ እኔ ለምጄዋለሁ።»

ወንድሜ አሁንም «ይደብራል» እያለ ነው። እናቴ ደግሞ በረንዳው ላይ እስከ ወገቧ ወደ ውጭ ተንጠልጥላ፣ ታች ከቆመው ሽንኩርት ሻጭ ጋር ዋጋ ትከራከራለች።