ያልላላው ክርኔ

አጎቴን አላህ ይዘንላቸውና፣ የግራና ከተማ ሰው ሁሉ በወጌሻነታቸው ያመሰግናቸዋል። ያመስግን። የኔን ቀኝ ክርን የማውቀው ግን እኔ ነኝ።

ልጅ ሆኜ ከሾላ ዛፍ ወድቄ ቢሰበር በቀርከሃ አሰሩት። እናቴ "አሁንስ አይፈታም?" ስትላቸው "አጥንቱ ይጥና" እያሉ አቆዩት። አጥንቱ ጸና፤ መገጣጠሚያውም አብሮ ደረቀ። እስከ ዛሬ ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ሰው እለምናለሁ።

በተገናኘን ቁጥር፣ መርሳ ገበያ መሃልም ቢሆን፣ ክርኔን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉት ነበር።

"ዛሬ ላላ ብሏል።"

"አልላላም፣ አጎቴ።"

"አንቺ ደግሞ መቼ አምነሽኝ ታውቂያለሽ" ብለው ይስቃሉ። እኔ የምጠብቀው "እኔ ነኝ ያበላሸሁት" እንዲሉኝ ብቻ ነበር።

አምና ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። ወልድያ ያየቻቸው ሐኪም ጡንቻና ጅማታቸው እንዳይኮማተር ጣቶቻቸውን በየቀኑ እንድንዘረጋላቸው አዘዘች። ልጅ አልነበራቸውምና ሥራው ለኔ ደረሰ። በማይዘረጋው እጄ የሳቸውን ጣቶች አንድ በአንድ እዘረጋ ነበር፤ ስለቃቸው መልሰው ይጨበጣሉ።

አንድ ቀን በደህናው እጃቸው ክርኔን ፈልገው ያዙ። ጫን አደረጉትና ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። "ምን አሉኝ፣ አጎቴ? ይድገሙት" አልኳቸው። ዓይናቸው እንባ ሞላ እንጂ ድምፅ አልወጣም። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆዩም።

አሁን ለቅሶ የሚደርሰኝ ሁሉ እጄን ይጨብጣል፤ ክርኔን የሚነካ የለም። ሰው ሲሄድ እኔው በግራ አውራ ጣቴ ጫን አደርገዋለሁ።

አልላላም።