የቀዳዳው ዘበኛ

ሰውየውን «ምሰሶው» ነበር የሚሉት፤ ረጅም ነው፣ ከቆመበትም ንቅንቅ አይልም። ዕድሜውን የፈጀው በሌዘር ጨረር ብረት ላይ ጽሑፍ የሚቀረጽበትን የአንድ ወርክሾፕ በር ሲጠብቅ ነው።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ የኃይል መለኪያ ይዘው ወደ ማሽኑ ሄዱ። ጨረሩ ብረቱ ላይ ከመድረሱ በፊት፣ መሐሏ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ባላት ሳህን በኩል ያልፋል። ከሳህኗ ወዲህ ለኩ፤ መቶ። ከሳህኗ ወዲያ ለኩ፤ ሰማንያ ስድስት።

«አሥራ አራቱን ማን ወሰደው?» አሉ።

«ማንም አልወሰደውም ጌታዬ» አለች የማሽኑ ባለሙያ። «ጨረሩ መሐሉ ብርቱ፣ ዳሩ ስስ ነው። ቀዳዳዋ መሐሉን ታሳልፋለች፣ ዳሩን ታስቀራለች። ብናጠባት ደግሞ ከዚህም ያንሳል።»

እሳቸው ግን ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ምሰሶውን ከበር አስጠርተው፣ የማሽኑን መከላከያ መነጽር አስደርገው፣ ሳህኗ አጠገብ በርጩማ ላይ አስቀመጡት።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ዛሬ ምን ስትጠብቅ ዋልክ?» አለችው።

«ቀዳዳ።»

«ማን ሊሰርቀው?»

«እሱን ለማወቅ አይደል እንዴ የምጠብቀው!» አለ ተቆጥቶ።

ሰነባበተ። አንድ ከሰዓት በኋላ ድካም ቢጫጫነው ሳህኗን ደገፍ አለ፤ ጣቱ ተለበለበ።

«ያዝኳት! ትፋጃለች! የበላችው እሷ ናት!»

ባለሙያዋ ጣቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ እየነከረች «አዎ ጋሼ፣ ያላለፈው እሷ ላይ ሙቀት ሆኖ ይቀራል» አለችው። ሥራ አስኪያጁ ይህን ሲሰሙ ሳህኗ ተነቅላ ዕቃ ቤት እንድትታሰር አዘዙ። መለኪያው መቶ አሳየ፤ ተጨበጨበ።

በማግስቱ ግን የጨረሩን ዳር የሚያስቀር ስለሌለ የተቀረጸው ፊደል ሁሉ ዳር ዳሩ እየጠቆረ ተጨማለቀ። አንድ ደንበኛ የበር ሰሌዳውን ታቅፎ መጣና «እኔ ጠበቃ ነኝ ወይስ ጠብታ?» ሲል ጮኸ።

ሳህኗ በይቅርታ ተፈታችና ቦታዋ ገባች። ምሰሶውም ወደ በሩ እንዲመለስ ተነገረው፤ እምቢ አለ።

«እኔ አመሏን አውቃለሁ። ከድርሻዋ በላይ ብትወስድ ማን ያያታል?»

ሥራ አስኪያጁ አሰቡበትና «እውነትህን ነው» አሉ።

በሩ ያለ ሰው ቀረ። በዚያው ሳምንት አንድ የማይታወቅ ሰው በጠራራ ፀሐይ ገብቶ የወርክሾፑን መሰላል ተሸክሞ ወጣ።

«አላየኸውም?» ሲባል ምሰሶው ቅር አለው።

«እንዴት አላየውም? ሰላም ብሎኝ ነው ያለፈው። በበሩ ነው የወጣው እንጂ በቀዳዳው አላለፈም።»